የባልቦላ ሣጥን በማን እጅ ይከፈት?

ኤሌክትሪክ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፣ የቤት ባለቤት በገዛ ቤቱ ያለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን ራሱ ከፍቶ ሽቦ ሊያስር፣ ብሬከር ሊለውጥ፣ አዲስ መስመር ሊያወጣ ይገባዋልን? ወይስ ሥራው ለተማረና ለተመሰከረለት ባለሙያ ብቻ መተው አለበት? የሚለው ነው። ግድግዳውን ራሱ የሚቀባ፣ ጣራው ሲያፈስ ራሱ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው፣ ከባልቦላው ሣጥን ዘንድ ሲደርስ እጁን እንዲሰበስብ መጠየቁ ለብዙዎች ግልጽ አይደለም። የተለያዩ አገሮችም ባለፉት 140 ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ ማስረዳት፣ ከታሪኩም ለአገራችን የሚጠቅመውን ትምህርት ለይቶ ማቅረብ ነው። ታሪኩ እንደሚያሳየው፣ አብዛኛው ክርክር «ካቻቢቴውን ማን ይያዝ?» በሚለው ላይ ሲሽከረከር ቆይቷል። ሕይወትን ያዳነው ግን ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ «ሥራው ካለቀ በኋላ ማን ይፈትነዋል?»

የመጀመሪያዎቹ ደንቦች

እ.ኤ.አ. በ1882 የኤዲሰን ኩባንያ በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ስትሪት ያሠራው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጄ. ፒ. ሞርጋን የተባለው ባለ ባንክ በዚያችው ከተማ የሚገኘውን መኖሪያ ቤቱን በኤሌክትሪክ አበራ። ቤቱ የራሱ ማመንጫ ስለ ነበረው በየቀኑ መሐንዲስ እየመጣ ሞተሩን ያስነሣ ነበር። የመስመር ዝርጋታውም በዘመኑ ታላላቅ ባለሙያዎች የተሠራ ነበር። ይህም ሆኖ በቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ውስጥ በሽቦ ብልሽት ምክንያት እሳት ተነሥቶ የጽሕፈት ጠረጴዛውን ለብልቦታል። ስለዚህ በመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪክ መግቢያ ላይ የምናገኘው አደጋ የባለቤቱ እጅ ያመጣው ሳይሆን የባለሙያው ነው። ይህ በኋላ ለምንደርስበት ነጥብ ጠቃሚ ስለ ሆነ መዘንጋት የለበትም።

በዚያው በ1882 የለንደን የቴሌግራፍና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር በኤሌክትሪክ መብራት ምክንያት የሚነሣ እሳትን ለመከላከል አጭር ደንብ አወጣ። ደንቡ በጥቂት ገጾች የተጠቃለለ ሲሆን፣ ዛሬ በብሪታንያ ቢ.ኤስ. 7671 በሚል መለያ የሚታወቀው መጽሐፍ የመጀመሪያ አባት ነው። ማኅበሩ በደንቡ ያሰፈራቸው ሁለት ሐሳቦች ዛሬም አላረጁም። አንደኛው፣ የአዲሱ ኃይል አደጋ በዋናው የሚመነጨው ዕቃውን ከሚያቀርቡትና ከሚተክሉት ሰዎች አለማወቅና ልምድ ማጣት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ጉድለቱ በውስጥ የተሸሸገና ለዓይን የማይታይ በመሆኑ በኤሌክትሪክ ፍተሻ ካልሆነ በቀር ሊደረስበት አለመቻሉ ነው።

በአሜሪካ ደንብ ለማውጣት ግንባር ቀደም የሆኑት የእሳት መድን ኩባንያዎች ነበሩ። ምክንያቱም ቤት በተቃጠለ ቁጥር ካሣ የሚከፍሉት እነርሱ ነበሩ። ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የተባለ ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ1893ቱ የቺካጎ የዓለም ትርኢት ጋር በተያያዘ ለመድን ኩባንያዎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን መመርመር ጀመረ። በ1894 የተቋቋመው የፍተሻ ቢሮውም ኋላ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወደ ታወቀው የአንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ አድጓል። በ1897 የመጀመሪያው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ወጣ። ከ1911 ጀምሮ ኮዱን የሚያሳትመው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ነው።

እነዚህ ደንቦች በሙሉ ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይናገራሉ እንጂ ማን እንዲሠራው በዝርዝር አይወስኑም ነበር። የሠራተኛውን ማንነት መወሰን ለከተሞችና ለክፍለ ግዛቶች ተተወ። ክርክሩ ሥር የሰደደውም በዚህ ክፍተት ነው።

የሳንቲሙና የመዳብ ክሩ ዘመን

ለረዥም ዘመን የቤት ማከፋፈያ ሣጥን ማለት የፊውዞች ስብስብ ማለት ነበር። በአገራችን ከጣሊያንኛ የተወረሰው «ባልቦላ» የሚለው ቃል ዛሬ ለብሬከሩም ጭምር የሚያገለግለው ከዚያ ዘመን ተሻግሮ ነው። ፊውዝ የሚሠራው ቀልጦ ነው። ፍሰቱ ከመጠን ሲያልፍ ቀጭኑ ክር ይቀልጣል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦም ከመጋል ይድናል። ነገር ግን የቀለጠው ክር በሌላ መተካት አለበት። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ወደደም ጠላም የራሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኑ አልቀረም።

በብሪታንያ የክር ፊውዝ በመኖሪያ ቤቶች ሁሉ የተለመደ ነበር። ባለቤቱ የ5፣ የ15 እና የ30 አምፔር ክር የተጠቀለለበትን ካርቶን ከሱቅ ገዝቶ በመሳቢያ ያስቀምጣል። የማቀፊያዎቹ ምልክት ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ነው። የ15 አምፔር ክር ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር፣ የ30ው ደግሞ 0.85 ሚሊ ሜትር ነው። በጨለማ፣ በሻማ ብርሃን፣ ራት እየጠበቀ ላለ ቤተሰብ ሲባል የሚቀይር ሰው በእነዚህ ሁለት ክሮች መካከል ያለውን ልዩነት ሊስት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህም ሳይበቃ፣ የክር ፊውዝ ከተጻፈበት መጠን እስከ እጥፍ የሚጠጋ ፍሰት ካላለፈበት በፍጥነት የማይቀልጥ መሣሪያ ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ ፊውዙ እንደ አምፖል የሚጠመዘዝ ነበር። የ15ቱም የ30ውም አምፔር ፊውዝ በአንድ ዓይነት መቀመጫ ይገባ ስለ ነበር፣ መስመሩ ደጋግሞ የሚቃጠልበት ሰው ከፍ ያለውን ገዝቶ ያስገባል። ፊውዝ ያጣ ደግሞ ከተቃጠለው በስተ ጀርባ የአንድ ሣንቲም የመዳብ ገንዘብ ይሸጉጣል። በእኛም አገር ከገመድ ላይ የተመዘዘ የመዳብ ክር አጣጥፎ ማሰር ያው የሳንቲሙ ወንድም ነው። ባልቦላው መቅለጡን ሲተው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ ባልቦላ ይሆናል። ልዩነቱ፣ ባልቦላው የሚቀልጠው በሸክላ ማቀፊያው ውስጥ ሲሆን፣ ሽቦው የሚቀልጠው ከኮርኒሱ ሥር፣ ከእንጨቱ አጠገብ መሆኑ ነው።

መሐንዲሶች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ባለቤቱን መገሠጽ አልነበረም፤ መሣሪያውን መለወጥ ነበር። በአሜሪካ ከፍ ያለው ፊውዝ በዝቅተኛው መቀመጫ እንዳይገባ የሚያግድ አዲስ ዓይነት ፊውዝ ተሠራ። በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ የሁጎ ሽቶትዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1924 ለአነስተኛ ብሬከር የፈጠራ መብት አገኘ። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ሁለት ጠባቂዎች በአንድ ቤት ይኖራሉ። ሲሞቅ የሚጎብጠው ጥምር ብረት ለተራዘመ ጭነት፣ የማግኔት ጥቅሉ ደግሞ ለድንገተኛ ንክኪ ያገለግላል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ የቀለጠ ክር መተካት ቀረለትና ጣቱን ሰዶ ወደ ላይ መመለስ ብቻ ሆነ።

ይሁን እንጂ ፊውዝም ሆነ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን ለመግደል የሚበቃው ፍሰት በሺህኛ አምፔር የሚቆጠር ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ያስተማሩት ቻርልስ ዳልዚየል፣ ሰው የያዘውን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅተው በምን ያህል ፍሰት እንደ ሆነ ለዓመታት ካጠኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በ5 ሺህኛ አምፔር ልዩነት የሚቆርጥ መሣሪያ አቀረቡ። በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች ለተመሳሳዩ የሾለከ ኮረንቲ መቁረጫ የተለመደው መጠን 30 ሺህኛ አምፔር ነው። ከ15 አምፔሩ ፊውዝ ጋር ሲነጻጸር 500 ጊዜ የሚያንስ ፍሰት መሆኑ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዘመን የሥራው አካሄድ አንድ ነው። ከባለቤቱ እጅ ፍርዱ እየተወሰደ ለመሣሪያው ተሰጠ። ነገር ግን መሣሪያው በተራው በትክክል የታሰረ ሽቦ ይፈልጋል። በሾለከ ኮረንቲ መቁረጫው ሥር ያለ መስመር ኑትራሉ በስህተት ከሌላ ክፍል ኑትራል ጋር ቢታሰር፣ መቁረጫው ያለ ምክንያት መላልሶ ይወድቃል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰውም «ተበላሸ» ብሎ ቀጥታ ያልፈዋል። ጠባቂው በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጥበቃው ይቀራል።

የአንድ ብሎን ጉዳይ

የማከፋፈያ ሣጥን አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በሠራተኛው ላይ ወዲያው የሚደርሰው ነው። ዋናው ማጥፊያ ቢዘጋም ከቆጣሪ የሚመጣው ሽቦና የሚታሰርበት ጫፍ ከኤሌክትሪክ ነፃ አይሆንም። «አጥፍቻለሁ» ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው አደጋ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ መንሥኤውም ብዙውን ጊዜ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከብሎኑ መላላት የተነሣ በማሠሪያው ላይ የ0.1 ኦም መሰናክል ቢፈጠር፣ በዚያች የባቄላ ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ 25.6 ዋት ሙቀት ይወልዳል። ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበትን የኤሌክትሪክ ብረት የሚስተካከል ሙቀት ነው። ብሬከሩ ግን ይህን አያይም። ለእርሱ ያለፈው 16 አምፔር ከተፈቀደው አይበልጥምና። ስለዚህ ማሠሪያው ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከመጋልና ከመቀዝቀዝ የተነሣ ይበልጥ ይላላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሽፋኑ ይከስላል። ብሎኑን ያሰረው ሰው በዚያን ጊዜ ቤቱን ሸጦ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጥፋት የባለቤቶች ብቻ እንዳልሆነ ሁለት ታሪኮች ይመሰክራሉ። በአሜሪካ የመዳብ ዋጋ በመወደዱ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 ገደማ ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ሽቦ ተዘረጉ። ሥራው በባለሙያዎች የተከናወነ፣ ደንቡም የፈቀደው ነበር። ነገር ግን የዘመኑ አሉሚኒየም በብሎን ሥር እየተለመጠና ዝገት እያለበሰ ማሠሪያዎች መጋል ጀመሩ። በ1974 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሃምፕተን ቤይስ ከሶኬት ማሠሪያ በተነሣ እሳት ሁለት ሰዎች ሞቱ። የአገሪቱ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ያሠራው ጥናት፣ ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም የተዘረጉ ቤቶች ማሠሪያቸው ለእሳት አደጋ ደረጃ የመድረሱ ዕድል በመዳብ ከተዘረጉት 55 ጊዜ እንደሚበልጥ ገለጸ።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ጊዜ ነው። በብሪታንያ የፕላስቲክ ማከፋፈያ ሣጥኖች በየቤቱ እየተቃጠሉ የለንደን የእሳት አደጋ መከላከያ ድርጅት ጉዳዩን ካነሣ በኋላ፣ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2016 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ሣጥኖች በማይቀጣጠል መያዣ እንዲሠሩ በደንቡ ተወሰነ። የእሳቱ ዋና መነሻ አሁንም የላላ ማሠሪያ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ሥራው ለባለሙያ በተሰጠበት ጊዜ ጭምር መሆኑ መሰመር አለበት። ፈቃድ የሠራተኛውን ዕውቀት ይመሰክር እንደ ሆነ እንጂ፣ በዚያን ቀን ያሰረው ብሎን ስለ መጥበቁ አይመሰክርም።

አራት አገሮች፣ አራት መልሶች

አውስትራሊያ ጠንካራውን መልስ ሰጥታለች። በዚያ አገር ቋሚ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በሙሉ ፈቃድ ላለው ሠራተኛ የተወሰነ ነው። ባለቤቱ አምፖል ከመለወጥ አልፎ ሶኬት እንኳ ሊቀይር አይፈቀድለትም።

በአሜሪካ መልሱ እንደየአካባቢው ይለያያል። በብዙ ቦታዎች ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ፈቃድ አውጥቶ የሣጥኑን ሥራ ጭምር ሊሠራ ይችላል። ግን ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊትና ሥራው ካለቀ በኋላ መርማሪ መጥቶ ያየዋል። የኒው ዮርክ ከተማ በአንጻሩ ሥራውን ፈቃድ ላለው ዋና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ትሰጣለች።

ብሪታንያ ለረዥም ዘመን በባለቤቱ ላይ የቤት ውስጥ ሥራን የሚከለክል ሕግ አልነበራትም። ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2005 ጀምሮ ግን በእንግሊዝና በዌልስ የሕንፃ ደንብ ውስጥ ፓርት ፒ የሚባለው ክፍል ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ክፍል ባለቤቱን ፈጽሞ አላገደውም። የተመዘገበ ባለሙያ ሥራውን ራሱ ያረጋግጣል፤ ሌላው ሰው ግን አስቀድሞ ለአካባቢው የሕንፃ ተቆጣጣሪ አስታውቆ ሥራውን ያስመረምራል። በ2013 በእንግሊዝ አገር ደንቡ ሲላላ ከብዙዎቹ አነስተኛ ሥራዎች ላይ የማስታወቅ ግዴታው ተነሣ። ማከፋፈያ ሣጥን መለወጥ፣ አዲስ መስመር ማውጣትና በመታጠቢያ አካባቢ የሚደረግ ሥራ ግን በግዴታው ውስጥ ቀሩ። ሕግ አውጪዎች ሸክሙን ሲያቀልሉ የትኛውን እንዳልለቀቁ መመልከቱ ብዙ ያስተምራል።

ለጉዳያችን ከሁሉ የሚጠቅመው የኒው ዚላንድ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት የራሱን መስመር እንዲዘረጋ ይፈቅዳል። ዝርዝሩም በ2004 በወጣ የአሠራር ደንብ ተወስኗል። ባለቤቱ ሽቦ ሊዘረጋ፣ መስመር ሊያራዝም ይችላል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ሽቦ ሊኖርበት ወደሚችል ሣጥን፣ ማለትም ወደ ቆጣሪና ወደ ማከፋፈያ ሣጥን፣ እጁንም ሆነ መሣሪያውን ማስገባት አይፈቀድለትም። የጨረሰውን ሥራ ፈቃድ ያለው መርማሪ ይፈትነዋል፤ ከኃይሉም ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው። ባለቤቱ እስከ ሣጥኑ ደጃፍ ይሠራል፤ ደጃፉን የሚያልፈው ግን ሌላ ሰው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ታየ። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ አገልግሎቱ በከተሞች እየሰፋ መጣ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10ኛ ክፍል ለሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የተመደበ ነው። የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 እና እርሱን የተካው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ መሠረት ጥለዋል። እንግዲህ ደንብ የለም፣ ሕግ የለም ለማለት አይቻልም።

ሆኖም ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው። በዚህ ድርሻ ውስጥ የሚሆነውን እያንዳንዱ የሙያ ባልደረባ ያውቀዋል። በግቢው ውስጥ ለኪራይ የተሠሩ ክፍሎች ሲጨመሩ መስመሩ ከዋናው ቤት ይቀጠላል። ሁለት ተከራዮች በአንድ ቀን እንጀራ ሲጋግሩ 32 አምፔር ይሳባል። ባልቦላው ይወድቃል። ባለቤቱ ይመልሳል፤ እንደ ገና ይወድቃል። በመጨረሻም የሠፈር ጠጋኝ ተጠርቶ የ16ቱን ብሬከር አንሥቶ በ32 ይተካና ሁሉም አመስግኖት ይሄዳል። 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነው ሽቦ ግን አልተለወጠም። ችግሩ ተፈታ የተባለበት ቀን አደጋው የተተከለበት ቀን ነው። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ደግሞ የምጣዱ አካል ኮረንቲ ቢነካ መንገዱ በጋጋሪዋ እጅ በኩል ይሆናል።

ይህን ጠጋኝ በሕግ ማገድ ለወረቀት ቀላል ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የተመሰከረለት ባለሙያ የሚጠይቀውን ዋጋ መክፈል ካልቻለ፣ ወይም ባለሙያው በሠፈሩ ከሌለ፣ ክልከላው ሥራውን አያስቀረውም። ወደ ጨለማ ይገፋዋል እንጂ። በጨለማ የተሠራን ሥራ ደግሞ ለፍተሻ የሚያቀርብ የለም።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ወደ ሦስት ነጥቦች ያደርሳል። አንደኛ፣ የማከፋፈያ ሣጥኑ ውስጥ ለቤት ባለቤት መከልከሉ ተገቢ ነው። ምክንያቱም ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶም የማይሞት ኃይል ያለበት ቦታ እርሱ ነው፤ ጉድለቱም በቤቱ ሰዎችና ከእነርሱ በኋላ በሚመጡት ሁሉ ላይ ይደርሳል። ሰው በራሱ ሕይወት የመወሰን መብት አለው የሚለው ክርክር በተከራዩና በሕፃኑ ሕይወት ላይ የመወሰን መብት አይሰጠውም።

ሁለተኛ፣ ከሣጥኑ ውጭ ላለው ሥራ የኒው ዚላንድ መንገድ ሊጠና ይገባዋል። ባለቤቱ ወይም የሠፈሩ ጠጋኝ ሽቦ ዘርግቶ ሶኬት ተክሎ፣ ማሠሩንና መፈተኑን ለተመሰከረለት ሰው እንዲተው ቢደረግ፣ የሚከፈለው ዋጋ ይቀንሳል፤ ሥራውም ወደ ብርሃን ይወጣል። ባለቤቱም ብሬከሩ ለምን እንደ ወደቀ መጠየቅን፣ የሾለከ ኮረንቲ መቁረጫውን መሞከሪያ ቁልፍ በየጊዜው መጫንን፣ ከፍ ያለ ብሬከር እንዲተከልለት አለመለመንን ሊማር ይችላል፤ ይገባዋልም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የሠራው ማንም ይሁን ማን ሥራው መፈተን አለበት። የሽቦ ልባስ፣ የመሬት ሽቦ፣ የማሠሪያዎች ጥብቀት፣ የሽቦውና የብሬከሩ መመጣጠን በመሣሪያ ተፈትኖ ውጤቱ በጽሑፍ ለባለቤቱ ሊሰጠው ይገባል። የሚፈትነው ሰውም በተቻለ መጠን ከሠራው ሰው የተለየ ይሁን። በአሉሚኒየሙ ዘመን ያለቁት ቤቶች የጎደላቸው ፈቃድ ያለው ሠራተኛ አልነበረም።

የለንደኖቹ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1882 ጉድለቱ ለዓይን አይታይም፣ ፍተሻ ያስፈልጋል ባሉ ጊዜ መንገዱን አመልክተዋል። በአንድ ቀን ጥቂት ቤቶችን ዞሮ የሚፈትን፣ ዋጋው ለተራው ነዋሪ የሚቻል፣ ቃሉ የሚታመን ባለሙያ በየቀበሌው እንዲገኝ ማድረግ ከባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። የዚህ ሙያ ማኅበር አባላትም ድርሻ ነው።